ከአክሰስ ወደ ኤክሴል መረጃ የሚጠሩ የዲዲኢ ትዕዛዞች ለምን እምቢ ይላሉ?

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ውስጥ ከገበሬዎች እህል ተረክቦ በሚሸጥ ድርጅት በሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ከሐይቅ፣ ከሐርቡ፣ ከከሚሴና ከመርሳ የመረከቢያ ጣቢያዎች የሚመጣው የማሾና የማሽላ ደረሰኝ አክሰስ በተባለው የዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ፕሮግራም ይመዘገባል፤ የወሩን ማጠቃለያ የምሠራው ግን በኤክሴል ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ የጻፈው ማክሮ (ሥራን በራሱ የሚያስኬድ የትዕዛዝ ስብስብ) በዲዲኢ ትዕዛዝ መረጃውን ከአክሰስ እየጠራ ኤክሴል ላይ ያሰፍርልን ነበር። ኮምፒውተሩ ተቀይሮ ኦፊስ 2019 ከተጫነበት ወዲህ ግን አንዳንዴ ‹ሬፍ› የሚል ስህተት ይሰጣል፤ አንዳንዴ ኤክሴል ደርቆ ይቀራል፤ በሠራበት ቀን ደግሞ በአዲስ ገበሬዎች ስም ቦታ የጥያቄ ምልክት ይመጣል። ኦፊስን አራግፌ ደግሜ ጫንኩት፤ በኤክሴል ውስጥ ዲዲኢ የሚጠቀሙ ሌሎች ፕሮግራሞችን ችላ በል የሚለውን ምልክት አነሣሁ፤ በአክሰስ ውስጥ ያለውን የጊዜ ገደብም ወደ 300 ሰከንድ ከፍ አደረግሁ። ለውጥ የለም። ቫይረስ ነው የሚሉኝም አሉ። ትዕዛዞቹን እንዴት ላስተካክላቸው?»

ምላሽ፦ ቫይረስ አይደለም፤ ኦፊስን ደግሞ መጫንም ከዚህ በኋላ የሚያተርፍልዎት ነገር የለም። የዘረዘሯቸው ሦስት ምልክቶች በአንድ ማክሮ ላይ ስለታዩ አንድ ችግር ይመስላሉ እንጂ ምክንያታቸው ለየቅል ነው። የ«ሬፍ» ስህተትና የኤክሴል መድረቅ በማስተካከያ ይፈታሉ። የጥያቄ ምልክቱ ግን ዲዲኢን እስከተጠቀሙ ድረስ አይፈታም፤ ከሦስቱ በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው፤ ምክንያቱም ሌሎቹ ሁለቱ ሥራውን ሲያቆሙት እሱ ግን ሥራው የተሳካ እያስመሰለ የተሳሳተ ድምር ያወጣል።

ዲዲኢ በ1987 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ 2 ጋር የመጣ፣ ሁለት ክፍት ፕሮግራሞች መልእክት እየተላላኩ መረጃ የሚቀባበሉበት ሥርዓት ነው። ጥሪው ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ የሚጠራው ፕሮግራም ስም፣ ርእሱ ማለትም የዳታቤዙ ፋይልና የሰንጠረዡ ወይም የኩዌሪው (ከሰንጠረዥ መረጃ መርጦ የሚያወጣው ጥያቄ) ስም፣ በመጨረሻም ከዚያ ውስጥ የሚፈለገው ነገር። የእርስዎ ማክሮ «ዲዲኢ ኢኒሺዬት» በሚለው ትዕዛዝ ቻናል ይከፍታል፣ «ዲዲኢ ሪኩዌስት» በሚለው መረጃውን ይጠይቃል፣ «ዲዲኢ ተርሚኔት» በሚለው ቻናሉን ይዘጋል። ስማቸውን እዚህ በፊደላችን ብጽፈውም በማክሮው ውስጥ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። በዚህ ልውውጥ ጠያቂው ኤክሴል፣ መላሹ አክሰስ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ያደረጓቸው ሁለት ማስተካከያዎች ውጤት ያላመጡበት ምክንያት ከዚሁ ይጀምራል።

በኤክሴል ውስጥ ያነሡት «ችላ በል» የሚለው ምልክት የሚመለከተው ሌሎች ፕሮግራሞች ወደ ኤክሴል የሚልኩትን ጥሪ ነው። እርስዎ ዘንድ ጥሪው የሚሄደው በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሆነ መፈተሽ ያለበት የአክሰስ ወገን ነው፤ በአክሰስ ኦፕሽንስ ውስጥ ክላየንት ሴቲንግስ በሚለው ገጽ አድቫንስድ ከሚለው ክፍል ሥር የዲዲኢ ጥያቄዎችን ችላ በል የሚል ሳጥን አለ፤ ምልክት ካለበት ያንሡት። የጊዜ ገደቡም እንዲሁ ነው። መነሻው 30 ሰከንድ ሲሆን፣ ያልተሳካ ሙከራን አክሰስ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሚደግመው ይወስናል እንጂ ኤክሴል ላቀረበው ጥሪ መልስ አያፋጥንም። ወደ 30 ይመልሱት።

አሁን ወደ «ሬፍ» እንሂድ። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ችግሩ የጀመረበት ዋናው ምክንያት የደኅንነት ለውጥ እንደሆነ አምናለሁ። በ2017 እ.ኤ.አ. አጥቂዎች ዲዲኢን በሰነዶች ውስጥ እየደበቁ በሰው ኮምፒውተር ላይ ሌላ ፕሮግራም ማስነሻ አድርገውት ስለነበር፣ ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ዲሴምበር በወርድ ውስጥ ዲዲኢን ዘጋው፤ ለኤክሴልም ብዙም ሳይቆይ መቆጣጠሪያ ሴቲንግ አወጣ። በዛሬው ኤክሴል ትረስት ሴንተር ውስጥ ኤክስተርናል ኮንተንት በሚለው ገጽ ላይ ሁለት ሳጥኖች ይገኛሉ። አንዱ አስቀድሞ የተከፈተ ፕሮግራም በዲዲኢ እንዲገኝ ይፈቅዳል፤ ይህ በመደበኛነት ክፍት ነው። ሌላው ያልተከፈተውን ፕሮግራም ኤክሴል ራሱ እንዲያስነሣ ይፈቅዳል፤ ይህ በመደበኛነት ዝግ ነው። በአሮጌው ኮምፒውተር አክሰስ ባይከፈት እንኳ ኤክሴል «ላስነሣው?» ብሎ ጠይቆ ያስነሣው ነበር፤ በአዲሱ ግን አክሰስን አስቀድመው ካልከፈቱ ጥሪው መላሽ አያገኝም። «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» ያሉት፣ አክሰስ ለሌላ ሥራ ተከፍቶ በነበረባቸውና ባልነበረባቸው ቀኖች ልዩነት ሳይሆን አይቀርም።

መፍትሔው ሁለተኛውን ሳጥን መክፈት እንዳይመስልዎት። በኢሜይልም በቴሌግራምም ከየጣቢያው ፋይል በሚቀበል የሒሳብ ክፍል ኮምፒውተር ላይ ይህን ሳጥን መክፈት አጥቂዎች ይጠቀሙበት የነበረውን በር መልሶ መክፈት ነው። ዝግ እንደሆነ ይተዉት፤ አክሰስንና የደረሰኙን ፋይል በእጅዎ ከፍተው ከዚያ ማክሮውን ያስኪዱ።

አክሰስ ተከፍቶም «ሬፍ» ከመጣ ጥፋቱ ከርእሱ ወይም ከሚጠየቀው ነገር ላይ ነው። ይህን ለመለየት በኤክሴል የማክሮ መጻፊያ ውስጥ ያለውን ኢሚዲየት መስኮት ከፍተው፣ ወደ አክሰስ «ሲስተም» በሚል ርእስ ብቻ ቻናል ይክፈቱ፤ ከዚያ በዚያው ቻናል «ቶፒክስ» የሚለውን ይጠይቁ። ክፍት የሆነው ዳታቤዝ ስም ከመጣ መንገዱ ጤነኛ ነው ማለት ነው፤ ስሕተቱ ማክሮው ውስጥ በተጻፈው አድራሻ ላይ ይሆናል። የአሮጌው ፋይል ቅጥያ ኤምዲቢ (.mdb) ከነበረና ሲዛወር ወደ ኤሲሲዲቢ (.accdb) ከተቀየረ፣ ወይም ፎልደሩ ከአንድ ድራይቭ ወደ ሌላው ከሄደ፣ ማክሮው ዛሬም የሚጠራው በቦታው የሌለውን ፋይል ነው። ርእሱን ከሙሉ አድራሻው ጋር እስከ ፋይሉ ቅጥያ ድረስ ይጻፉት፤ ቀጥሎ የላቲኑ ሴሚኮለን (;)፣ ቀጥሎ «ቴብል» ወይም «ኩዌሪ» የሚለው ቃል፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ስሙ ይከተላል። በሚጠየቀው ነገር ቦታ «ኦል» ካሉ የዓምዶቹ ስምና መረጃው አብረው ይመጣሉ፤ «ዳታ» ካሉ መረጃው ብቻ ይመጣል። በርእሱ ቦታ የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ዓረፍተ ነገር የሚጻፍ ከሆነ መጨረሻው በላቲኑ ሴሚኮለን መዘጋት አለበት፤ ወደ 255 ፊደል ከደረሰ ደግሞ ርእሱ አይችለውምና ርእሱን «ኤስኪውኤል» በሚለው ብቻ ከፍቶ ዓረፍተ ነገሩን በ«ዲዲኢ ፖክ» ትዕዛዝ መላክ ያስፈልጋል።

ማክሮው «ታይፕ ሚስማች» (የመረጃው ዓይነት አልገጠመም) ብሎ የሚቆምበት ጊዜ ካለ እሱም የዚሁ ስሕተት ሌላ መልክ ነው። «ዲዲኢ ሪኩዌስት» ሲሳካ አንድ ቁጥር ብቻ ቢመጣ እንኳ የሚመልሰው በረድፍ የተደረደረ ስብስብ ነው፤ ሳይሳካ ሲቀር ግን ስሕተት 2023ን ይመልሳል፤ ሴል ላይ ሲያርፍ «ሬፍ» ሆኖ የሚያዩት ይኸው ነው። ማክሮው መልሱ ስብስብ መሆኑን ሳያረጋግጥ ረድፎቹን ሊቆጥር ሲሞክር ይወድቃል። ሲወድቅ ደግሞ ቻናሉን የሚዘጋው መስመር ላይ ሳይደርስ ስለሚቆም የተከፈተው ቻናል እንደተንጠለጠለ ይቀራል፤ ማክሮውን ደጋግመው በሞከሩ ቁጥር የተንጠለጠሉት ይበዛሉ። ስለዚህ መልሱ ስሕተት መሆን አለመሆኑን በ«ኢዝ ኤረር» ያስፈትሹ፤ የመዝጊያው ትዕዛዝም ሥራው ቢሳካም ባይሳካም የሚደረስበት ቦታ ላይ ይቀመጥ።

የኤክሴል መድረቅ ምክንያቱ ሌላ ነው። ኢኒሺዬት የሚለው ትዕዛዝ ጥሪውን የሚልከው ለአክሰስ ብቻ ሳይሆን በኮምፒውተሩ ላይ ለተከፈተ ዋና መስኮት ሁሉ ነው። የዕድር ጥሩንባ ነፊ በየደጃፉ ቆሞ «ሰምተናል» ሳይባል ወደሚቀጥለው ቤት እንደማያልፍ ቢታሰብ፣ አንድ ቤት ዝም ካለ መንደሩ በሙሉ ይቆያል። ኤክሴልም እንዲሁ፣ ከአክሰስም ከኤክሴልም ጋር የማይገናኝ አንድ የደረቀ ፕሮግራም በተገኘበት ሰዓት የማያልቅ ጥበቃ ውስጥ ይገባል። በደረቀ ጊዜ ኤክሴልን ከመዝጋትዎ በፊት ታስክ ማናጀርን ከፍተው «ኖት ሪስፖንዲንግ» የተባለ ሌላ ፕሮግራም መኖሩን ይመልከቱ፤ እሱን ሲዘጉት ኤክሴል ብዙ ጊዜ ራሱ ይነቃል።

አክሰስም መልስ የማይሰጥበት ጊዜ አለ፤ መልስ የሚጠብቅ የመልእክት ሳጥን ተከፍቶ ከሌላ መስኮት ጀርባ ከተደበቀ እስኪዘጋ ድረስ ጥሪውን አያስተናግድም። በእኛ አካባቢ ይህን በብዛት የሚያመጣው የመብራት መቋረጥ ነው። አክሰስ ክፍት ሳለ መብራት ከሄደ ፋይሉን የሚቆልፈው ትንሽ ፋይል ሳይሰረዝ ይቀራል፤ ዳታቤዙም ሊጎዳና በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት «ልጠግነው?» የሚል ሳጥን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ማክሮው ያንን ሳጥን አያየውም። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር አክሰስን በእጅ ከፍቶ መረጃው በትክክል መታየቱን ማረጋገጥ፣ ከጥገናው በፊትም የፋይሉን ቅጂ ማስቀመጥ ግድ ነው።

ሁለት ተጨማሪ ነገሮችን በአጭሩ ያረጋግጡ። አክሰስ በአድሚኒስትሬተር መብት፣ ኤክሴል ደግሞ በመደበኛ መብት ከተከፈቱ ከቪስታ ወዲህ ያለው ዊንዶውስ በመካከላቸው ያለውን መልእክት ይከለክላል፤ ሁለቱንም በመደበኛ መብት ይክፈቱ። እንዲሁም አክሰስ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ኤክሴል ከሌላ ኮምፒውተር እንዲጠራው የታሰበ ከሆነ ይተዉት፤ ዲዲኢን በኔትወርክ ያሻግር የነበረው አገልግሎት ከቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ወጥቷል። ፋይሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢቀመጥም ፕሮግራሞቹ ሁለቱም በአንድ ኮምፒውተር፣ በአንድ ተጠቃሚ ስም መከፈት አለባቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። ዲዲኢ ጽሑፍ የሚያሻግርበት የተለመደው ቅርጽ የተቀረጸው ከዩኒኮድ (የዓለምን ፊደሎች በአንድ ገበታ ከሚቆጥረው ሥርዓት) በፊት ነው፤ እያንዳንዱ ቋንቋ በዊንዶውስ ውስጥ የራሱ የፊደል ገበታ ቁጥር እንዳለው አድርጎ ያስባል። የግዕዝ ፊደል ግን እንዲህ ዓይነት ገበታ በዊንዶውስ ኖሮት አያውቅም፤ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከዚያ ውጭ ማደሪያ የለውም። ስለዚህ ፊደሉ በዚህ መንገድ ሲያልፍ እያንዳንዱ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። ቀድሞ የሚሠራው ለምን እንደነበር ከጥያቄዎ መገመት እችላለሁ፤ ችግሩ ያለው በአዲስ ገበሬዎች ስም ላይ ብቻ መሆኑ የሚያሳየው የድሮዎቹ ስሞች በቆዩት የግዕዝ ሶፍትዌሮች መተየባቸውን ነው። እነዚያ ሶፍትዌሮች በላቲን ፊደሎች ቁጥር ላይ የግዕዝ ቅርጽ የሚያለብሱ ስለነበሩ ዲዲኢ እንደ ላቲን ቆጥሮ ያሳልፋቸዋል፤ ኤክሴል ላይ ያንኑ ፎንት ሲያለብሷቸው ይነበባሉ። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ የሚተየበው በዩኒኮድ ነው፤ ትክክለኛውም አተያየብ እሱ ነው።

አደጋውን በምሳሌ ላሳይዎት። ከሐርቡ የመጣው ሰይድ፣ ከከሚሴ የመጣው ከድርና ከመርሳ የመጣችው ዘሃራ ስማቸው ሦስት ሦስት ፊደል ስለሆነ ሁሉም ኤክሴል ላይ ሲደርሱ ሦስት የጥያቄ ምልክት ይሆናሉ። በስም ሲያጠቃልሉ ኤክሴል የሦስቱን ገበሬዎች ማሾ እንደ አንድ ሰው ይደምረዋል። ከዚህም የባሰው፣ ሰም-ኢፍና ቪ-ሉክአፕ በሚባሉት ፎርሙላዎች ውስጥ የጥያቄ ምልክት «ማንኛውም አንድ ፊደል» የሚል ትርጉም አለው። ስለዚህ ሦስት የጥያቄ ምልክት ያለበትን ስም መፈለጊያ ካደረጉት ፎርሙላው ሦስት ፊደል ያለውን ስም ሁሉ፣ በትክክል የተጻፈውንም ጭምር፣ ይሰበስባል። ስሕተት የሚል ቃል የትም አይወጣም፤ የጠቅላላው ድምርም ትክክል ሆኖ ይታያል፤ የተዛባው የእያንዳንዱ ገበሬ ሒሳብ ነው። ስለዚህ በዚህ ማክሮ በወጣ ሰንጠረዥ ላይ ተመሥርተው ለገበሬ የተከፈለ ወይም የተጠየቀ ሒሳብ ካለ፣ ከደረሰኙ ቁጥር ጋር እንዲመሳከር አጥብቄ አሳስባለሁ።

አክሰስ ውስጥ ያለው ዋናው ስም አልጠፋም፤ የተለወጠው ወደ ኤክሴል የመጣው ቅጂ ብቻ ነው። ነገር ግን ያንን የኤክሴል ሰንጠረዥ አስተካክሎ ወደ አክሰስ መልሶ የሚያስገባ የሥራ ባልደረባ ካለ ከዛሬ ጀምሮ ያቁም። የጥያቄ ምልክቱ በዋናው ስም ላይ ከተጻፈበት በኋላ ከቅጂ ፋይል በቀር ስሙን የሚመልስ መንገድ የለም።

ስለ ቀንም አንድ ነገር ልጨምር፤ አልጠየቁኝም፤ ግን በወር ማጠቃለያ ላይ መታየቱ አይቀርም። አክሰስም ኤክሴልም በቀን ዓይነት ዓምድ ውስጥ የሚጻፈውን በመደበኛነት የሚያነቡት በፈረንጁ አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያን ቀን በዚያ ዓምድ ውስጥ ከጻፋችሁ ጥቅምት 30 በ2ኛው ወር 30ኛ ቀን ስለሌለ ተቀባይነት አያገኝም። ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ብሎ 5/13/2016 የጻፈ ሰው ደግሞ 13ኛ ወር ስለሌለ አክሰስ ሳይናገር ቁጥሮቹን አገላብጦ የ5ኛው ወር 13ኛ ቀን ያደርገዋል፤ በእናንተ አነባበብ ጥር 13 ማለት ነው። ኤክሴል ያንኑ ቀን በቀን፣ ወር፣ ዓመት ቅደም ተከተል ሲያነብ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል፤ በዚህ የተነሣ የጳጉሜን ደረሰኝ በሁለቱ ፕሮግራሞች ሁለት ቦታ ይቀመጣል። የኢትዮጵያን ቀን ለቀን፣ ለወርና ለዓመት ሦስት የቁጥር ዓምዶች ከፍላችሁ መዝግቡ፤ የፈረንጁን ቀን ለብቻው አስቀምጡ። ኤስኪውኤል ውስጥ በቀን ስትመርጡም አክሰስ ወሩን አስቀድሞ እንደሚያነብ አትርሱ።

ካሉት አማራጮች ውስጥ የትኛውን ልምረጥ ካሉኝ መልሴ አንድ ነው፤ የኤክሴል የመረጃ ማምጫ መሣሪያ የሆነው ፓወር ኩዌሪ። ኤክሴል 2016ና ከዚያ በኋላ ያሉት በውስጣቸው ይዘውት ይመጣሉ፤ ዳታ በሚለው ምናሌ ጌት ዳታ፣ ከዚያ ፍሮም ዳታቤዝ ብለው አክሰስን ሲመርጡ ፋይሉን ያሳያል፤ ኩዌሪውን ይመርጡና ያወርዱታል። አክሰስን መክፈት አያስፈልግም፤ ዩኒኮድን በሙሉ ያሻግራል፤ የሌላ ፕሮግራም መድረቅም አያግደውም። በዚያው ምናሌ ውስጥ የሚገኘው የቆየው ማይክሮሶፍት ኩዌሪም ያደርሳል፤ ግን አዲስ ሥራ በእሱ መጀመር አልመክርም። ማክሮ የግድ ከሆነ አዲኦ በሚባለው የዳታቤዝ ማገናኛ ከፍቶ «ኮፒ ፍሮም ሪኮርድሴት» በሚለው ማስፈር ይቻላል። የእነዚህ መንገዶች ሁሉ ገደብ የቢት ጉዳይ ነው፤ ዲዲኢ ኤክሴሉ 32 ቢት ይሁን 64 ቢት ግድ የለውም፤ እነዚህ ግን የአክሰስ ማሻገሪያው ከኤክሴሉ ቢት ጋር እንዲገጥም ይፈልጋሉ። ኦፊስ 2019 በመደበኛነት የሚጫነው 64 ቢት ሆኖ ነው፤ አክሰስና ኤክሴል ከአንድ ኦፊስ ከተጫኑ ይገጥማሉ። አክሰስ ለብቻው ከሌላ ሲዲ የተጫነ ከሆነ ግን መጀመሪያ ይህን ያጣሩ።

የዚህ ወር መዝጊያ ከደረሰና ጊዜ ከሌለዎት አሮጌው ማክሮ ለአንድ ዙር ያገልግል፤ አክሰስን አስቀድመው ይክፈቱ፣ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ይዝጉ፣ ማጠቃለያውን ግን በገበሬው ስም ሳይሆን በመለያ ቁጥሩ ይሥሩ፤ ቁጥር በዲዲኢ ሳይበላሽ ያልፋል። በሚቀጥለው ወር ወደ ፓወር ኩዌሪ ይሻገሩ። ከመሻገርዎ በፊት በድሮው ፎንት የተጻፉት ስሞች ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለባቸው፤ አለዚያ አንድ ገበሬ በሁለት ዓይነት አጻጻፍ ሁለት ሰው ሆኖ ይቀጥላል። መለወጫውን የምታስኬዱት በፋይሉ ቅጂ ላይ ይሁን፤ ስሞቹንም ጣቢያዎቹን የሚያውቅ ሰው ከደረሰኙ ጋር አንድ በአንድ ያስተያያቸው። ፓወር ኩዌሪ ከአክሰስ ያነባል እንጂ ወደ አክሰስ አይጽፍም፤ ስለዚህ እርማት ያለበት ደረሰኝ ሲገኝ የሚታረመው አክሰስ ውስጥ ብቻ ነው፤ ኤክሴሉ ሪፍሬሽ ሲባል እርማቱን ይዞ ይመጣል።